በርካሽ ዋጋ ጥሩ መቃኛ ለመምረጥ



የዛሬው ጨዋታችን ከክብሪት ሣጥን እምብዛም በማትበልጥ አንዲት ትንሽ ዕቃ ላይ ነው። ይህች ዕቃ ዘፈን አትዘፍንም፤ ክር አትመታም፤ ጣትም አታሠለጥንም። ሥራዋ አንድ ብቻ ነው፤ የሰማችው ድምፅ ከሚገባው በላይ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ትናገራለች። የሙዚቃ ሰዎች «ቲውነር» ይሏታል። እኛ ግን ሥራዋን በሚገልጠው ባገራችን ስም «መቃኛ» ብንላት ይሻላል።

ስለዚህች ዕቃ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የተማሪ ጥያቄ ነው። በማስተምርባት በጀልዴሳ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ክረምቱን ድሬዳዋ ወርዶ ከዘመዱ ሱቅ ሲያገለግል ያጠራቀማትን ገንዘብ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ መጣና፣ «ቲቸር፣ የትኛውን መቃኛ ልግዛ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ለሌላ ሰው ቀላል ይሆናል። ለእኔ ግን እንዲያ አልነበረም፤ ከአንድ ዓመት በፊት በዚሁ ልጅ ላይ፣ በዚችው ዕቃ የተነሣ፣ በደል ሠርቼበት ነበርና። ስለዚህ ምክሬን ከመስጠቴ በፊት ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ።

ሚዛኑን ያልፈተሸ ዳኛ

ጊዜው የወላጆች ቀን የሚከበርበት የዓመቱ መጨረሻ ነበር። የሙዚቃ ክበባችን ሀብት ሦስት ክራር፣ አንድ ጊታርና አንድ አሮጌ ኪቦርድ ነው። እኔ የማስተምረው ፊዚክስ ቢሆንም፣ ስለ ድምፅ ሞገድ ስለማስተምር ሙዚቃም ዐውቃለሁ ተብዬ የክበቡ ኃላፊ ሆኜ ነበር። በዚያው ሰሞን ከጊታር ራስ ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ የምትነከስ አንዲት መቃኛ ገዝቼ ነበርና በልምምዱ ቀን ከኪሴ መዝዤ እንደ ሐኪም መሣሪያ በኩራት አሳየኋቸው።

የሁለቱን ልጆች ክራር ቃኘሁ። የሦስተኛው ልጅ ተራ በደረሰ ጊዜ ግን ከመንካቴ በፊት፣ «የእኔ ተቃኝቷል፤ ከኪቦርዱ ጋር አስማምቼዋለሁ» አለኝ። መቃኛዋን በክራሩ ቀንበር ላይ አስነክሼ ክሩን ብመታው መርፌዋ ወደ ቀኝ ሄደች። ይህ ማለት ድምፁ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሏል ማለት ነው። «ተሳስተሃል» አልሁት። እርሱም በትሕትና፣ «በጆሮዬ ግን ልክ ነው፣ ቲቸር» አለ። ያን ጊዜ ዛሬም ሳስታውሳት የምታሳፍረኝን ቃል ተናገርሁ፤ «ጆሮ ይሳሳታል፤ ማሽን አይዋሽም» አልሁት። ጓደኞቹ ሳቁ። ልጁም ምንም ሳይመልስ ክሮቹን አላልቶ ሰጠኝ።

በማግሥቱ ሁሉም በአንድነት መጫወት ሲጀምሩ ክራሮቹና ጊታሩ እርስ በርሳቸው ተስማምተው ከኪቦርዱ ጋር ግን ተጣሉ። መጀመሪያ ያማሁት ኪቦርዱን ነበር፤ አሮጌ ነዋ። በኋላ ግን ከአንዱ አስተማሪ ስልክ ላይ ሌላ መቃኛ ከፍተን ብንመለከት ኪቦርዱ ልክ ሆኖ ተገኘ። የተሳሳተችው የእኔዋ ነበረች። በመስኮቷ ጥግ ላይ፣ ጤፍ በምታህል ጽሕፈት፣ «440» ማለት ሲገባት «430» ትላለች። ከኪሴ ውስጥ ከቁልፍና ከጠመኔ ጋር ስትጋጭ አንዷ ቁልፏ ተነክታ ልኳ ተዛውሯል። እንግዲህ በዚያ ቀን ከክፍሉ ውስጥ ልክ የነበረው አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ በሕዝብ ፊት ያሳፈርሁትም እርሱኑ ነው።

ልጁ ከዚያ በኋላ ሁለት ልምምድ ቀረ። ከቤታቸው ድረስ ሄድሁ። እናቱ በግመል ወተት የፈላ ሻይ አቀረቡልኝና፣ «መምህር፣ ክራሩን ከግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፤ ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ። ምን እንደ ሆነ እኔ ዐውቅ ነበር። በሚቀጥለው ልምምድ፣ በሳቁበት በእነዚያው ልጆች ፊት፣ ይቅርታ ጠየቅሁት። ለአስተማሪ ይህ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ስሕተቱ በአደባባይ ተሠርቶ ይቅርታው በጓዳ ቢሆን ሚዛኑ አይደርስም። ልጁም ተመለሰ፤ በበዓሉም ቀን ተጫወተ።

ጀልዴሳ ከድሬዳዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለች ጥንታዊት የንግድ ማረፊያ ናት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከመድረሱና ንግዱን ወደዚያ ከመሳቡ በፊት፣ ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው፣ ከሐረርም ወደ ዘይላ የሚወርደው ቅፍለት በዚህች መንደር ያርፍ ነበር። በእንደዚህ ያለ ቦታ ያደገ ነጋዴ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ሚዛኑን ሳይፈትሽ ሻጩን ሌባ አይልም። እኔ ግን ዲግሪ ይዤ ይህን ዘነጋሁ። መቃኛ ማለት የድምፅ ሚዛን ነው። ከዚህ በታች የምሰጣችሁ ምክር ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚወጣ ነው።

ዕቃዋ እንዴት ትሠራለች?

ክር ሲመታ ይርገበገባል። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚርገበገበው ቍጥር ኸርትዝ ይባላል። ቍጥሩ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲያንስ ይወፍራል። ለምሳሌ ከጊታር ክሮች ወፍራሙ በሴኮንድ ወደ 82 ጊዜ፣ ቀጭኑ ደግሞ ወደ 330 ጊዜ ይርገበገባል። መቃኛዋ ይህን ርግብግቢት ወደ ኤሌክትሪክ ትለውጥና ትቈጥራለች፤ ከዚያም በውስጧ ከተጻፉት ከ12ቱ ድምፆች ከየትኛው እንደሚቀርብ አስተያይታ የድምፁን ስም በፊደል፣ ልዩነቱን በመርፌ ታሳያለች።

ለመቍጠር መነሻ ያስፈልጋል። መነሻውም «ኤ» የሚባለው ድምፅ 440 ኸርትዝ ይሁን የሚለው ስምምነት ነው። ይህም ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም። ፈረንሳዮች በ1859 (በፈረንጅ አቈጣጠር) 435 ይሁን ብለው ደንግገው ነበር። በ1939 ለንደን ላይ የተሰበሰቡት ባለሙያዎች 440ን መረጡ፤ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም በ1955 አጸናው። ዛሬ ከፋብሪካ የሚወጣ ኪቦርድ ሁሉ በዚህ ቍጥር ላይ ይቆማል።

በአንድ ድምፅና በሚቀጥለው ግማሽ ድምፅ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ በ100 ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ክፋይ «ሴንት» ይባላል። ይህን ስሌት በ1880ዎቹ ያወጣው እንግሊዛዊው ሊቅ አሌክሳንደር ኤሊስ ነው። ለእኛ ለመያዝ አያስቸግርም፤ 100 ሳንቲም አንድ ብር እንደሚሆን፣ 100 ሴንት ግማሽ ድምፅ ይሆናል። የእኔዋ መቃኛ ከ440 ወደ 430 በወረደች ጊዜ ያጎደለችው ወደ 40 ሴንት ነበር። ከብር ላይ 40 ሳንቲም የሚያጎድል ሚዛን በገበያ ውስጥ አንድ ቀን አያድርም።

ከዚህች ዕቃ በፊት ሰው በምን ይቃኝ ነበር ብትሉ፣ እንግሊዛዊው መለከት ነፊ ጆን ሾር በ1711 የሠራው ባለ ሁለት ጣት ሹካ ነበር፤ እርሱን መታ አድርጎ ድምፁን መስማት ነው። ኮን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1936 በሚሽከረከር ሰሌዳና በብርሃን የሚሠራ ትልቅ መቃኛ አወጣ። በእጅ የሚያዝ፣ በባትሪ የሚሠራ፣ መርፌ ያለው መቃኛ ግን የጃፓኑ ኮርግ በ1975 እስኪያወጣ ድረስ አልነበረም። እንግዲህ ካሣ ተሰማ፣ ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ በክራራቸው ስማቸውን ባስጠሩበት ዘመን ይህች ዕቃ ገና አልተወለደችም። ይህን የምለው ዕቃዋን ለማናናቅ አይደለም፤ ከጆሮ በኋላ የመጣች ረዳት እንጂ ከጆሮ በፊት የነበረች ጌታ እንዳልሆነች ለማስታወስ ነው።

ስንት ዓይነት አለ?

በገበያ ላይ የሚገኙት በአራት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ዋጋ የማያስወጣው ነው፤ ይኸውም በስልክ ላይ የሚጫነው መቃኛ ነው። ደኅና ስልክ ያለው ሰው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት በዚህ ይጀምር። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ለብቻው ለሚለማመድ ሰው፣ ከብዙዎቹ የሚገዙ ዕቃዎች አያንስም። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በማይክሮፎን ስለሚሰማ የጎረቤቱን ሬዲዮና የጓደኛውን ክራር ሁሉ አብሮ ይሰማል። ሁለተኛ፣ ክር ለማጥበቅ ብሎ ስልኩን ያነሣ ተማሪ መልእክት ሲያነብ ሰዓቱ ያልፋል፤ ይህ ግን የስልኩ ጥፋት አይደለም።

ሁለተኛው እንደ መቆንጠጫ የሚነከሰው ነው። ይህ ድምፅን ከአየር አይሰማም፤ ከእንጨቱ ላይ ይዳስሳል እንጂ። በውስጡ ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጠጣር ነገር አለ፤ ይህን ጠባይ የኪዩሪ ወንድማማቾች በ1880 ያገኙት ነው። ስለዚህ በሚጮኽ ክፍል ውስጥ እንኳ የተነከሰበትን መሣሪያ ብቻ ይሰማል። በክበብ፣ በመዘምራን ጓድ፣ በሠርግ ቤት ለሚጫወት ሰው የሚሻለው ይህ ነው። በውጭ አገር ገበያ አብዛኛዎቹ ከ10 እስከ 20 ዶላር ይሸጣሉ፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ማጓጓዣውና ቀረጡ ይታከልበታል።

ሦስተኛው በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው፣ ማይክሮፎንና የገመድ ቀዳዳ ያለው ነው። ዋሽንት ለሚነፋና ድምፁን ለሚለማመድ ሰው ይህ ይስማማል፤ ዋሽንት ላይ መቆንጠጫ ማስነከስ አይመችምና።

አራተኛው በእግር የሚረገጠው ነው። መድረክ ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር ለሚጫወቱ የተሠራ ሲሆን፣ የታወቁት ዓይነቶች ወደ 100 ዶላር ይጠጋሉ። ተማሪና ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ አንባብያን ይህን አይታችሁ እለፉት።

«የጊታር ብቻ» የሚለውን ተጠንቀቁ

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያባክነው ስሕተት ይህ ነው። አንዳንድ መቃኛ የሚያውቀው ስድስቱን የጊታር ክሮች ብቻ ነው፤ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ። ከእነዚህ ውጭ የሆነ ድምፅ ሲሰማ ወይ ዝም ይላል፤ ወይ ከሚቀርበው ጋር በግድ ያጣብቀዋል። ክራር፣ በገና፣ መሲንቆ ወይም ኡድ ያለው ሰው መግዛት የሚገባው 12ቱንም ድምፅ የሚያውቀውን፣ «ክሮማቲክ» የሚባለውን ነው። በብዙዎቹ ላይ ሁለቱም ዓይነት በአንድነት ይገኛሉ፤ አንዷን ቁልፍ በመጫን ይለወጣሉ። የዋጋው ልዩነት እዚህ ግባ የማይባል ሲሆን የጥቅሙ ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው።

የክራራችንን ቅኝቶች ከመቃኛዋ ፊደል ጋር ለማገናኘት እንዲመቻችሁ፣ «ሲ»ን መነሻ ብናደርግ እንዲህ ይሆናሉ። ትዝታ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። ባቲ፦ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ። አምባሰል፦ ሲ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ጂ ሻርፕ። አንቺሆዬ፦ ሲ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኤፍ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ። ትዝታና ባቲ ደግሞ ዝቅ ያሉ ድምፆችን የሚይዙ ሌላ መልክ አላቸው፤ እርሱን በተለማመዳችሁ ጊዜ ትደርሱበታላችሁ። ክራራችሁ ባለ ስድስት ክር ከሆነ፣ አምስቱ አምስቱን ድምፅ ይዘው ስድስተኛው ከመካከላቸው የአንዱን እጥፍ ይሰጣል።

ነገር ግን «ሲ» ራሷ የተቀደሰች አይደለችም። ክራር ከጥንት ጀምሮ የሚቃኘው በዘፋኙ ጕሮሮ ልክ ነው። ድምፃችሁ ወፍራም ከሆነ ከዝቅተኛው፣ ቀጭን ከሆነ ከከፍተኛው ጀምራችሁ ርቀቱን ብቻ ጠብቁ። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40ዎቹ የአርመን ልጆች የነሐስ መሣሪያ ይዘው ከገቡ ወዲህ፣ ኋላም ፒያኖና ኪቦርድ ከተለመደ ወዲህ ግን፣ ልካቸው ከማይዛወር መሣሪያዎች ጋር አብሮ መጫወት መጣ። መቃኛ በጣም የምታስፈልገው በዚህ ጊዜ ነው። ለብቻው ለሚያንጎራጕር ሰው ግን ክሮቹ እርስ በርሳቸው ከተስማሙ ይበቃዋል።

ሌላም የማይዘነጋ ነገር አለ። የመቃኛዋ 12 ድምፆች እኩል ለእኩል የተከፋፈሉ ናቸው። ይህ ለፒያኖ የተመቸ ክፍፍል ነው እንጂ ጆሮ ከሚወደው ጋር በሁሉም ቦታ አይገጥምም። ለምሳሌ ከ«ሲ» እስከ «ኢ» ያለው ርቀት በመቃኛዋ 400 ሴንት ነው፤ ሁለቱ ድምፆች ያለ ምንም መንቀጥቀጥ የሚዋሐዱት ግን በ386 ሴንት ላይ ነው። ስለዚህ የትዝታን ሦስተኛ ድምፅ በጆሮው የሚቃኝ ሰው መርፌዋን ትንሽ ወደ ግራ ቢያደርጋት አልተሳሳተም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፤ የመጀመሪያውን ክር በመቃኛ፣ የቀሩትን በጆሮ እቃኛለሁ፤ በመጨረሻም መቃኛዋን አምጥቼ ምን እንደምትል እጠይቃታለሁ። ከጥቂት ሴንት በላይ ካልተለያየን ጆሮዬን አምናለሁ፤ በጣም ከተለያየን ግን ሁለታችንንም እመረምራለሁ።

የበገና ሰዎች ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። በገና እንዚራው ክሩን እየነካ የሚያሰማው ያ ግርማ ያለው ዝማሬ በብዙ ድምፆች የተሞላ ስለሆነ መርፌዋን ያወዛውዛታል። በክሩ መቀመጫ ላይ ያለውን እንዚራ ለጊዜው ገለል አድርጎ መቃኘት፣ ኋላም መልሶ ማስገባት ይሻላል። ኡድ ላላቸው ለድሬዳዋና ለአካባቢዋ ወጣቶችም አንድ ቃል አለኝ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከአፍራን ቀሎ ጋር በዚችው ከተማ መዝፈን የጀመረውና በ2015 ዓ.ም. ያረፈው አሊ ቢራ ኡድንም የተጫወተ ሰው ነበር፤ ሶማሌዎችም ይህን መሣሪያ «ካባን» ብለው ይወዱታል። ኡድ በአንገቱ ላይ የጣት መደብ መለያ የለውም። ስለዚህ መቃኛ የምትረዳችሁ ባዶ ክሮቹን ለመቃኘት ብቻ ነው፤ ጣታችሁ የት እንደሚያርፍ የሚያስተምራችሁ ጆሮ ነው።

የድሬዳዋ ሙቀትና ዋሽንት

በፊዚክስ አስተማሪነቴ ይህችን ሳልናገር ባልፍ ተማሪዎቼ ይታዘቡኛል። የብረት ክር ሲሞቅ ይለጠጥና ድምፁ ይወርዳል። በዋሽንት ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ድምፅ በሞቀ አየር ውስጥ ስለሚፈጥን ሙቀት ሲጨምር ዋሽንቱ ከፍ ይላል። በ0 ዲግሪ ድምፅ በሴኮንድ 331 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 0.6 ሜትር ይጨምራል። ስለዚህ በ20 ዲግሪ የተቃኘ ዋሽንት በ30 ዲግሪ ወደ 30 ሴንት ሊዛባ ይችላል። ከሐረር ቅዝቃዜ ተነሥተው ወደ እኛ ቆላ የሚወርዱ ሙዚቀኞች፣ «ዋሽንታችን ምን ነካው?» ቢሉ የነካው ይኸው ነው። ዋሽንት እንደ ክር አይጠብቅም፤ አይላላምም፤ ስለዚህ ክራሮቹ ወደ ዋሽንቱ ይመጣሉ እንጂ ዋሽንቱ ወደ ክራሮቹ አይመጣም።

የክራር ቆዳም በእርጥበት ይላላል፤ በደረቅ ሙቀት ይወጠራል። ስለዚህ መሣሪያችሁን ከቤት ቃኝታችሁ በፀሓይ ተሸክማችሁ ሄዳችሁ ወዲያው አትጫወቱ። ከምትጫወቱበት ቦታ ጥላ ሥር ሩብ ሰዓት ያህል ካረፈ በኋላ እንደገና ቃኙ። ብዙ ሰው መቃኛው ርካሽ ስለሆነ የተሳሳተ ይመስለዋል፤ የተለወጠው ግን አየሩ ነው።

ሱቅ ውስጥ ምን ታያላችሁ?

ሻጩ ስለ ስሙና ስለ ቀለሙ ሲነግራችሁ በትዕግሥት ስሙት፤ ከዚያም የሚከተሉትን ራሳችሁ ፈትሹ።

አንደኛ፣ ሚዛኑን መዝኑ። በስልካችሁ የ440 ኸርትዝ ድምፅ አሰሙና መቃኛዋን አስጠጉ፤ ማይክሮፎን ከሌላት ስልኩ ላይ አስነክሷት። «ኤ» ብላ መርፌዋን ከመካከል ካቆመች ደኅና ናት። ካላቆመች ልኳ ተዛውሮ እንደ ሆነ በመስኮቷ ላይ ያለውን ቍጥር አንብቡ። አብዛኛዎቹ ከ430 እስከ 450 ድረስ ይዛወራሉ።

ሁለተኛ፣ ቁልፎቿን ነካ ነካ አድርጉ። በቀላሉ የሚጫን ቁልፍ በኪስ ውስጥም በቀላሉ ይጫናል። ይህን በምን ዋጋ እንደ ተማርሁት ነግሬአችኋለሁ።

ሦስተኛ፣ ክሩን አንድ ጊዜ መትታችሁ መርፌዋን ተመልከቱ። ቶሎ ደርሳ ጸጥ የምትል ጥሩ ናት፤ እንደ ፌንጣ የምትዘል ትቅር። ፋብሪካዎቹ «ልዩነቱ 1 ሴንት ብቻ ነው»፣ «የሴንት አሥረኛ ነው» እያሉ ይፎካከራሉ። በዜማ መካከል ከ5 ሴንት በታች ያለውን ልዩነት የሚለይ ጆሮ ብዙ ስላልሆነ፣ ለጀማሪ 1 ሴንት ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ ለሚያንሰው ገንዘብ አትጨምሩ።

አራተኛ፣ የመቆንጠጫዋን አፍ ለኩ። የተሠራችው ለቀጭን የጊታር ራስ ስለሆነ የክራር ቀንበር ድቡልቡልና ወፍራም ሲሆን አልይዝ ትላለች። ከተቻለ ክራራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ካልሆነ የቀንበሩን ውፍረት በክር ለክታችሁ ክሩን በኪሳችሁ ያዙ። የመንጋጋዋ ጎማም እንጨት የማይቧጥጥ መሆኑን እዩ።

አምስተኛ፣ ከሱቁ በራፍ ወጣ ብላችሁ በፀሓይ ላይ መስኮቷን አንብቡ። በጥላ ውስጥ የምታበራ፣ በድሬዳዋ ፀሓይ ግን ምንም የማይታይባት ብዙ ናት።

ስድስተኛ፣ የምን ባትሪ እንደምትበላ ጠይቁ። አብዛኛዎቹ 3 ቮልት የሆነችውን፣ ሲ አር 2032 የምትባለውን እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ ይጠቀማሉ። ይህች ባትሪ በኮምፒዩተር ውስጥም የምትገባ ስለሆነች ከኮምፒዩተር ጠጋኞች ዘንድ አትጠፋም። ያልተለመደ ባትሪ የምትፈልግ መቃኛ ግን ባትሪዋ ያለቀ ዕለት የልጅ መጫወቻ ትሆናለች። ሳይጠቀሙባት ሲቀር ራሷ የምትጠፋ መሆኗንም አረጋግጡ።

ማን ይግዛ? ማንስ ይቆይ?

ስልክ ያለውና ለብቻው የሚለማመድ ሰው አይግዛ፤ ገንዘቡን ለአዲስ ክር ያውለው። ያረጀ ክር በምንም መቃኛ አይቃናም፤ አንድ ጊዜ ከፍ፣ አንድ ጊዜ ዝቅ እያለ ሰውንም ዕቃውንም ያታልላል። በቡድን የሚጫወት ሰው ግን የምትነከሰውን፣ 12ቱን ድምፅ የምታውቀውን ይግዛ። የወር ደመወዝተኛ ወገኖቼም ይህን አስቡ፤ መቃኛ በቀን ለሁለት ደቂቃ የምታስፈልግ ዕቃ ናት፤ ስለዚህ ለአንድ ቤት ሳይሆን ለአንድ ሰፈር ትበቃለች።

ለተማሪዬም የነገርሁት ይህንኑ ነው። ወረቀቱን ፈትቶ ገንዘቡን በቈጠረ ጊዜ፣ «አንተ ለራስህ መቃኛ አያስፈልግህም፤ ጆሮህን በዐይኔ አይቼዋለሁ» አልሁት። ሳቀና፣ «ለራሴ አይደለም፣ ቲቸር። ትንንሾቹ ልጆች ዘንድሮ ክበቡ ውስጥ ገብተዋል፤ እነርሱ ገና አይለዩም» አለኝ። እኔ ከዓመት በፊት ያሳፈርሁት ልጅ ሌላው እንዳያፍር ነበር ያጠራቀመው።

ብቻውን እንዲከፍል አልፈቀድሁለትም። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አዋጥተው፣ እኔም ድርሻዬን ጨምሬ፣ አንዲት የምትነከስ መቃኛ ገዛን፤ ከእርሱ ገንዘብ የተረፈውም ለክራሩ አዲስ ክር ሆነ። መቃኛዋ አሁን የምትቀመጠው በክበቡ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ከእኔ ኪስ አትገባም። በክዳኑ ውስጥ በኩል ልጁ በገዛ እጁ ጽፎ የለጠፈባት ወረቀት አለች። «መጀመሪያ 440 መሆኑን እይ፤ ከዚያ ቃኝ» ትላለች።

እናንተም ውድ አንባብያን፣ መቃኛ ገዝታችሁ ቤታችሁ በገባችሁ ቀን ይህችን ቃል ከሣጥኑ ላይ ጻፉባት። መርፌዋና ጆሯችሁ በተጣሉ ጊዜም በሁለቱ መካከል ከመፍረዳችሁ በፊት ሦስተኛ ምስክር ጥሩ።